በልጆቹ እርምጃ ልክ



ሰመር መጣ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የኮንፈረንሱ፣ የሠርጉና የዘመድ ጥየቃው ጉዞ ይጀመራል። ከሜሪላንድ አትላንታ፣ ከሚኒሶታ ዴንቨር ስንቱ ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ ሌሊቱን ሲነዳ ያድራል! እኛም ለዓመታት እንደዚያው አድርገናል። ዛሬ ስለዚህ ልማድ ያለንን አሳብ በግልጽ ልናካፍላችሁ ወደድን። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ትንንሽ ልጆች ይዞ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት የለበትም እንላለን። ይህን የምንለው ከሌላው ሰው የበለጠ ጠንቃቆች ሆነን አይደለም። አጥፍተን በምሕረት ስለተረፍን ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አትላንታ ላይ በሚደረግ ኮንፈረንስ ልንካፈል ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሣን። መንገዱ 650 ማይል ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ ቢነዱት አሥር ሰዓት ያህል ይወስዳል። ትልቋ ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ተከታዩ አራት፣ ሕፃኑ ደግሞ ሰባት ወሩ። ሁለታችንም ያን ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በእግራችን ላይ ነበርን፤ ሥራ ውለን፣ ሻንጣ አዘጋጅተን፣ ልጆቹን አብልተን። ዓርብ ጠዋት ከመካከላችን አንዳችን በመዘምራን ውስጥ እንድናገለግል ይጠበቅ ነበር።

ስሌታችን ብልህነት ይመስለን ነበር። ልጆቹ ይተኛሉ፤ ከዋሽንግተን እስከ ሪችመንድ ያለው መጨናነቅ ይቀርልናል፤ የሆቴል ገንዘብ ይተርፋል፤ ጠዋት በሰዓቱ እንገኛለን። በራፍ ላይ ቆመን ጸለይን፤ መንገዱን በኢየሱስ ደም ሸፈንን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን።

እስከ ሪችመንድ ጥሩ ነበር። ከፒተርስበርግ ወደ 85 ቁጥር አውራ ጎዳና ከታጠፍን በኋላ ግራና ቀኙ ጫካ፣ ፊት ለፊቱ ጨለማ ሆነ። ደርሃም አካባቢ ሕፃኑ ተነሥቶ አለቀሰ። ቆመን ልናጠባው ሲገባ፣ ሰዓት እንዳይባክን ብለን፣ እናቱ ቀበቶዋን ፈትታ ወደ ኋላ ተሻገረችና መኪናው እየበረረ በካር ሲቱ ላይ ጎንበስ ብላ አጠባችው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ግን ብዙ ቤተሰብ እንደሚያደርገው ስለምናውቅ አንደብቀውም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ግሪንስቦሮን አልፈን ወደ ሻርሎት እየተቃረብን ነበር። ከሹፌሩ በቀር ሁሉም ተኝቷል። እርሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ፣ የቀዘቀዘ ቡና እየጠጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርሱም አያስታውሰውም። ያነቃን ጎማው በመንገዱ ጠርዝ ላይ ባለው ሸካራ መስመር ላይ ሲሄድ የወጣው ድምፅ ነው። መኪናው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ዳር እየሄደ ነበር። መሪው ተመለሰ። ትልቋ ልጃችን ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አባዬ፣ ደረስን?» አለች።

በሚቀጥለው መውጫ ወርደን ነዳጅ ማደያ ጋ ቆምን። ለረጅም ጊዜ አንዳችንም አልተናገርንም። ሕፃኑን ከካር ሲቱ አውጥተን አቀፍነው፤ እስኪነጋም ከዚያ አልተንቀሳቀስንም።

ዓርብ ማታ በኮንፈረንሱ የምስክርነት ጊዜ ሲሰጥ ወደ መድረክ ወጣን። ጌታ ከሞት አፍ እንዳወጣን ተናገርን። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ አንድ እናት መጥተው አቀፉን። «እንኳን ጌታ አተረፋችሁ፣ ልጆቼ» አሉን። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛም ጸልየን ነበር የወጣነው» አሉ። ልጃቸውን ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ እንዳጡ የሰማነው በኋላ ነው።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ምስክርነታችን ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ጌታ እንዳዳነን ተናገርን፤ ከምን እንዳዳነን ግን ሸሸግን። ያዳነን ከራሳችን ነበር። ንስሐ ልንገባበት የሚገባንን ነገር የድል ወሬ አደረግነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጡት እናትም ሳናውቀው ክፉ ነገር ነገርናቸው፤ የእኛ ጸሎት ደርሶ የእርሳቸው እንዳልደረሰ አስመሰልነው።

ስለ ድካም በኋላ የተማርነው ነገር ይበልጥ አሳፈረን። የጤና ባለ ሙያዎች እንደሚሉት፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው የሚሆነው። 24 ሰዓት ከቆየ ደግሞ 0.10 ይደርሳል። በአሜሪካ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሰው ሰክሮ ነዳ የሚባለው 0.08 ላይ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት 22 ሰዓት ተኩል ነቅተን ነበር። ጠርሙስ በቤታችን አይገባም፤ አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው መሪ ሲይዝ ብናይ እንገሥጸዋለን። ግን ሦስት ልጆች ከኋላ አስቀምጠን ከሰካራም በማይሻል አእምሮ እየነዳን፣ «በጌታ ታምነናል» እንል ነበር። በሰዓት 70 ማይል የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ ለአራት ሰከንድ ብቻ ቢያሸልብ፣ 125 ሜትር ያለ ሹፌር ይሄዳል። የተከፈተ መስኮትና ከፍ ያለ መዝሙር እንቅልፍን አያባርሩም፤ ያዘናጋሉ እንጂ። የዚህ አገር ሕግ እንኳ የጭነት መኪና ሹፌር 11 ሰዓት ለመንዳት አስቀድሞ 10 ሰዓት ከሥራ እንዲያርፍ ያስገድደዋል። ለዕቃ የሚደረገው ጥንቃቄ ለልጆቻችን ይብዛባቸው?

«ይህ እኮ የእምነት ጉዳይ ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። እስቲ ቃሉን እንመልከት። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ፈታኙ ጌታችንን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰለት የጥበቃ ተስፋ ከመዝሙር 91 ነው። ጌታ ኢየሱስ ተስፋውን ሐሰት አላለውም። ተስፋውን ይዞ ከገደል መወርወር ግን እግዚአብሔርን መፈታተን መሆኑን ተናገረ። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እግዚአብሔር እስራኤልን የሚጠብቅ አምላክ ሆኖ ሳለ መከታውን ግን ሠሪው እንዲሠራ አዘዘ። መዝሙር 121 የማይተኛ ጠባቂ እንዳለን ይነግረናል። የማይተኛው እርሱ ነው፤ እኛ ግን እንተኛ ዘንድ ተፈጥረናል።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን የያዕቆብ ታሪክ ነው። በዘፍጥረት 33 ዔሳው ወንድሙን አግኝቶ አብረን እንጓዝ ሲለው፣ ያዕቆብ ልጆቹ ገና ለጋ መሆናቸውን፣ ከመንጋውም የሚያጠቡ እንዳሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ቢቻኮሉባቸው መንጋው እንደሚያልቅ ነገረው። ስለዚህ ዔሳው እንዲቀድም አድርጎ እርሱ በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ተናገረ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። ሌሊቱን ሳይተኛ እስከ ንጋት ሲታገል አድሮ፣ እያነከሰ የመጣ ሰው ነው። በረከቱን ተቀብሏል፤ ጥበቃም በቤቴል ተነግሮታል። ይህ ሁሉ ተስፋ ግን እንዲጣደፍ አላደረገውም። የተባረከው ሰው በልጆቹ አቅም ተጓዘ።

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚሄደው አውቶቡስ ንጋት ላይ ተነሥቶ፣ ሲመሽ ደሴ ወይም ወልድያ ያድር ነበር። ሹፌሩን «እምነት የለህም» ያለው ተሳፋሪ አልሰማንም።

በሌሊት መንዳት በራሱ ኃጢአት ነው አላልንም። የሌሊት ሥራ የለመደ፣ ቀን በደንብ የተኛ፣ መሪውን የሚቀበለው ያረፈ ሰው ያለው ቤተሰብ ይኖራል። ለቅሶ ደርሶበት የሚሮጥም አለ፤ እርሱንም ቢሆን ወዳጅ ሊነዳለት ይገባል። የምንቃወመው የደከመ አባትና የደከመች እናት ለሰዓት ሲሉ ልጆቻቸውን የሚያስይዙበትን ልማድ ነው።

እኛ ዛሬ የምናደርገው ቀላል ነው። ማታ በጊዜ ተኝተን ንጋት ላይ እንነሣለን። በየሁለት ሰዓቱ እንቆማለን፤ ሕፃን በካር ሲት ውስጥ ለረጅም ሰዓት እንዳይቆይ ሐኪሞችም ይመክራሉ። ሲያለቅስ መኪናው ቆሞ ይጠባል። ሹፌሩ ካዛጋ፣ ወይም ያለፈውን መውጫ ማስታወስ ካቃተው፣ ክርክር የለም፤ እንቆማለን። ሲመሽም እናድራለን።

ለአብያተ ክርስቲያናትም አንድ ልመና አለን። መሪዎች ሆይ፣ ኮንፈረንስ ስታዘጋጁ ከሩቅ የሚመጡትን አስቡ፤ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ወደ ማታ አድርጉት። «ዘግይታችሁ ኑ፤ በሕይወት ኑ» በሉን። በመንገድ ላይ ያላችሁ ምእመናን ደግሞ ቤታችሁን ክፈቱ። በሻርሎትም በራሌም የእኛ ሰዎች አሉ። አንድ ፍራሽና አንድ ሻይ ከብዙ ስብከት የሚበልጥበት ሌሊት አለ። እንግዳ መቀበል የታዘዝነው ለዚህ አይደለምን? የሆቴል ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብም አፍሮ ጨለማ ውስጥ ከሚገባ ቢጠይቅ ይሻላል።

ባለፈው ሰመር ያንኑ መንገድ በሁለት ቀን ሄድነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም አመለጠን፤ በመዘምራኑ ውስጥ ያለው ቦታችንም ባዶ ቀረ። መንገድ ላይ ባደርንበት ክፍል ግን ሦስቱም ልጆች በአንድ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ትልቋ ለሁላችንም ጸለየች። ጸሎቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኛም መብራቱን አጥፍተን ተኛን። በማግስቱ ስንደርስ ያኔ ያቀፉን እናት በበሩ ላይ አገኙን። አንድ በአንድ ልጆቹን ቆጠሩና ሳሟቸው።

አባት ሆይ፣ በስምህ የፈጸምነውን ችኮላ ይቅር በለን። በመንገድ ልጆቻቸውን ያጡትን አጽናና። ለደከሙት ማረፍን፣ ለቤት ባለቤቶች ክፍት በርን፣ ለሁላችንም በልጆቻችን እርምጃ ልክ የምንጓዝበትን ትሕትና ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።