መድኃኒቱ፣ ሆርሞኑና አላርፍ ያለው ምላስ

የዚህ እትም ዐቢይ ጽሑፍ የሚያነሳው፣ በሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ ነው፦ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ እንዴት ነው?

በ1952 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ዣን ደሌይና ፒየር ደኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መስጠት ሲጀምሩ፣ ከእፎይታው ጋር ጣጣም መጣ። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እግር አላርፍ ይላል፤ አንገት በድንገት ይጠማዘዛል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ምላስ ሳያዙት ወጣ ገባ ይላል፤ ከንፈር ምንም ሳይጎርስ ያላምጣል። ምክንያቱ ይህና መሰል መድኃኒቶች እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሥራ መግታታቸው ነው፤ በዶፓሚን ላይ ደግሞ የሴቶች ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅንም እጁ አለበት። የአንገት መጠማዘዙ ወጣት ወንዶችን ይበልጥ ሲያጠቃ፣ ዘግይቶ የሚመጣው የምላስና የከንፈር እንቅስቃሴ ባረጡ ሴቶች ላይ ይበረታል። የሆርሞኑን ድርሻ ከዕድሜ ድርሻ መለየት ግን ቀላል አይደለም። የቶሮንቶዋ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሜሪ ሲማን ስለ ሴቶች፣ ስለ ኤስትሮጅንና ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ለአሥርተ ዓመታት ጽፈዋል።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይዞራል፦ መድኃኒቱም ሆርሞኑን ይነካል። ከእነዚሁ መድኃኒቶች መካከል ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን የተባለውን የጡት ወተት ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ፤ ያኔ ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይዛባል፣ አንዳንዴም ያልወለደች ሴት ጡቷ ወተት ያወጣል። ብዙዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ሐኪሙም አይጠይቅም። ጥፋቱ፣ በእኔ እምነት፣ ያልጠየቀው ነው።

ውድ አንባቢ፣ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። የወር አበባ ለውጥና ያላዘዙት እንቅስቃሴ ካዩ ግን ሁለቱንም ለሐኪምዎ አንድ ላይ ይንገሩ።

አዘጋጁ