ስለ አሮጌ ካሴትና ስለ አንዲት ቀጭን ገመድ

በዚህ ዓመት በክፍላችን ካነሣሁት ክርክር ሁሉ ይበልጥ የተሳቀብኝ በዚህኛው ነው። «የኦክስ ገመድ ጊዜው ገና አላለፈም» ብዬ ብናገር ጓደኞቼ «ዘመኑ የብሉቱዝ ነው፤ ሽቦህን ለቆራሌው ስጠው» አሉኝ። አሮጌ ነው ማለታቸው እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሚያስቡት በላይ ያረጀ ነው። መሰኪያው የስልክ ቤት ሠራተኞች በ19ኛው ምዕተ ዓመት መሥመር ሲያገናኙበት ከነበረው ትልቅ መሰኪያ የወረደ ነውና። እኔ ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፥ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። የእናቴን አባት አላውቃቸውም፤ እኔ ሳልወለድ አርፈዋል። ፊደል ስላልቆጠሩም፥ እንደ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ወላጆች፥ አሜሪካ ላለው አጎቴ መልእክት የሚልኩት ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ ነበር። አጎቴ አምና ለጥየቃ ሲመጣ ከነዚህ ካሴቶች አራቱን ይዞ መጣ። ካሴት ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ካወጣው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ክሩ የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ በመሆኑ ከዓመት ወደ ዓመት ድምፁ ይደክማል፤ አሮጌ ቴፕም ጠምጥሞ ይበላዋል።

እንግዲህ በብሉቱዝ የሚመካ ሰው ይህን ድምፅ በምን ያወጣዋል? የእናቴ ቴፕ ብሉቱዝ አያውቅም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን አለው። «ስልክህን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጠህ ቅዳ» ያሉኝም ነበሩ። ሞከርሁት፤ የጎረቤት ውሻና የሚኒባስ ጥሩምባ ከአያቴ ጋር አብረው ተቀዱ።

በገመዱም ቢሆን መጀመሪያ ተሳስቻለሁ። ከቴፑ ወደ ስልኬ ብሰካው ስልኩ ምንም አልሰማም። በሾላ ገበያ አጠገብ ያሉ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የመሰኪያውን ጫፍ አሳዩኝ። ሁለት ጥቁር ቀለበት ብቻ ያለው ለግራ፥ ለቀኝና ለመሬት ነው፤ ለማይክሮፎን የሚሆን አራተኛ ክፍል የለውም። «ልጄ፥ በዚህ ገመድ ስልክህ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ ኮምፒዩተር ፈልግ» አሉኝ። በታላቅ ወንድሜ ኮምፒዩተር ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች ድምፅ መቀበያው ሰማያዊው ነው። እኔ ቸኩዬ በሮዙ፥ በማይክሮፎኑ ሰካሁና የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፈትሁት፤ የተቀዳው ሁሉ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ። ወደ ሰማያዊው አዛውሬ ድምፁን ወደ ግማሽ ብቀንሰው ጠራ። ካሴት ደግሞ አይቸኩልም፤ የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ እንደገና ነው።

በዚያ 60 ደቂቃ ውስጥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ዙሪያ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። አያቴ በ1985 ዓ.ም. ክረምት ሲናገሩ ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። ስለ ላሟና ስለ ጎረቤት ለቅሶ ከነገሩት በኋላ «ቤቱን አልሸጥነውም፤ ስትመጣ ታገኘዋለህ» አሉት። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ብሉቱዝን አልነቅፍም፤ እኔም ለዘፈን እጠቀምበታለሁ። የምቃወመው በውስጡ ምን እንዳለ ሳይሰሙ ካሴቱን ከነቴፑ ለቆራሌው መስጠትን ነው። በየካ በስንቱ ቤት አልጋ ሥር እንዲህ ያለ ካሴት ተቀምጦ ይሆን? ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምለምነው፥ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ቅዳሜ ለግማሽ ቀን እንዲከፈትልንና ተማሪው የቤቱን ካሴት አምጥቶ እንዲቀዳ ነው። ገመዱን እኔ አመጣለሁ። ወላጆችም እስከዚያ ድረስ ካሴቶቹን ከፀሐይና ከስፒከር ማግኔት አርቁልን።

ከአራቱ ካሴቶች ሦስቱ ተቀድተዋል። የአራተኛው ክር ተበጥሷል፤ ጠጋኙ በስስ ፕላስተር እቀጥለዋለሁ ብለው ወስደውታል።