ለፍልፈል የአይጥ መርዝ አይበጅም

ክረምት ሲገባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ ረጲ፣ ጓሮ የሚያለሙ ቤተሰቦች ተመሳሳይ ጥፋት ይገጥማቸዋል። ማታ ለምልሞ የነበረ ጎመን ጠዋት ጠውልጎ ይገኛል፤ ሲነቀል ሥር የለውም። ካሮቱና ቀይ ሥሩ ከታች ተበልቶ ቅጠሉ ብቻ ይቀራል፤ ለጋ እንሰት ንፋስ ሳይነካው ይዘማል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በድምፅ ማጉያ እያስነገረ የሚያልፍ ነጋዴ አይጠፋምና የአይጥ መርዝ ይገዛል፤ ከዱቄት ጋር ተለውሶ በመደቡ ላይ ይበተናል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ። መርዙ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ያልታሰበበት ግን ጥፋቱን የሚያደርሰውን እንስሳ ጭራሽ የማይነካው መሆኑ ነው።

ሥርን ከታች የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ፍልፈል ነው። ከአይጥ ጋር ቢዛመድም አኗኗራቸው ለየቅል ነው። ፍልፈል ዕድሜውን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከመሬት በታች፣ ያውም ብቻውን ይኖራል። በፊት ጥርሶቹ እየቆፈረ ዋሻውን ያረዝማል፤ የፈነቀለውን አፈር ወደ ላይ ገፍቶ ይከምራል፤ ያወጣበትንም ቀዳዳ መልሶ ይደፍናል። ስለዚህ ትኩስ የአፈር ቁልል እየታየ ክፍት ጉድጓድ የሌለበት ጓሮ የፍልፈል ነው። አይጥ ግን ጉድጓዱን ክፍት ይተዋል፤ የጉድጓዱ አፍ ከመመላለስ ብዛት ለስልሶ ይታያል፤ በአጥርና በግድግዳ ሥር የሚሄድበት መንገድም ይታወቃል። ፍልፈል ምግቡን የሚያገኘው ከታች፣ ሥሩን ወደ ዋሻው እየጎተተ ስለሆነ መደብ ላይ የተበተነ ዱቄት ፈጽሞ አይደርሰውም።

የሚደርሰው ለሌላ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዶሮና አትክልት በአንድ ግቢ እንዲለሙ ይበረታታል፤ ልጆችም የሚጫወቱት እዚያው ነው። ለአይጥ ማጥፊያነት ከሚውሉት መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ግራጫማ ጥቁር ዱቄት ነው። ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም፣ ሐኪም የሚችለው የተመረዘውን ሰው ደግፎ ማቆየት ብቻ ነው። ሌሎቹ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። እነዚህን የበላ አይጥ ቀናት ቆይቶ ነው የሚሞተው፤ እየተንገዳገደ ሳለ ድመት ወይም ጉጉት ይበላውና መርዙ ወደ በላተኛው ይሻገራል። አንድ ጉጉት በሌሊት ሦስትና አራት አይጥ ሊበላ ይችላል፤ እሱን መግደል ያለ ክፍያ የሚጠብቅን ዘበኛ እንደማባረር ነው። ጉጉትን የመርዶ ወፍ አድርጎ ማየት በእኛ ብቻ ያለ አይደለም፤ ዮርዳኖስ ውስጥም ነበር። ሆኖም የእስራኤል ገበሬዎች በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለጉጉት የጎጆ ሣጥን መስቀል ጀምረው የመስክ አይጦችን ጥፋት ሲቀንሱ ዮርዳኖሳውያንም በዚያው አቆጣጠር በ2002 ተቀላቀሏቸው።

ለፍልፈል የሚበጀው ብልኃት ከራሱ ጠባይ የተገኘ ነው። ዋሻው ሲከፈትበት ብርሃንና ንፋስ እንዳይገባበት ሊደፍነው ይመጣል። ስለዚህ በትኩሱ ቁልል አጠገብ ዋሻው ይከፈትና የሸምቀቆ ወጥመድ ይጠመድበታል፤ ገበሬ ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጊዜው ወሳኝ ነው፦ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ቁልሉ ይበዛል፣ ዋሻውም በቀላሉ ይገኛል፤ በበጋ አፈሩ ሲደድር ማግኘቱ ይከብዳል። ወጥመድ የማይመቸው ደግሞ ከመደቡ ሥር የሽቦ ወንፊት ማንጠፍ ወይም ድንቹንና ካሮቱን ድንጋይ በተነጠፈ ግቢ ላይ በጆንያ መትከል ይችላል። ፍልፈልን ከምድረ ገጽ የማጥፋት ዓላማ ሊኖረን አይገባም፤ አፈር ይገለብጣል፣ በመንዝ ጓሳም የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው። የሚፈለገው ከመደባችን እንዲርቅ ነው።

አይጥን በተመለከተም መርዝ ብቻውን አያዛልቅም። ጥቂት ቀምሶ የታመመ አይጥ ያን ምግብ ዳግመኛ አይነካውም። የተረፈችው እንስት ከሦስት ሳምንት እርግዝና በኋላ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በጥቂት ወራት ለመውለድ ይደርሳሉ። ቁጥሩን የሚወስነው መጠለያና ምግብ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ማሳዎች ላይ ባደረጉት ጥናት የድንጋይ እርከን በበዛበት አይጥ እንደሚበዛ አሳይተዋል። በከተማችን የእርከኑን ቦታ የያዙት የድንጋይ ክምር፣ የተቆለለ ጣውላና ቆርቆሮ፣ በአጥር ሥር የበቀለ አረምና ሳይነሳ የከረመ ቆሻሻ ናቸው። አንዱ ቤት ይህን ሁሉ አጽድቶ ጎረቤቱ ከተወው አይጡ አጥር ይሻገራል፤ ፍልፈልም ቢያዝ ባዶ የቀረውን ዋሻ ከጎረቤት የመጣ ሌላ ፍልፈል ይወርሰዋል። የቬትናም ሩዝ አምራቾች አይጥ መራባት ከመጀመሩ በፊት፣ መንደሩ በሙሉ በአንድ ሰሞን ወጥቶ ሲያድን የመርዝ ፍጆታቸው መቀነሱ ተመዝግቧል። ለእኛ ዕድር አለልን። የአባላቱን ቤት ያውቃል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ሲያስፈልግም ይቀጣል። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ለክምር ማንሻ፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ለወጥመድ ቢመድብ አቅሙ ይፈቅዳል።

ድሀ ቤተሰብ ለወንፊት የሚከፍለው ገንዘብ፣ ለወጥመድ የሚያጠፋው ጊዜ ከየት ያመጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። ግን መርዙ በየክረምቱ እንደገና ይገዛል፣ ሸምቀቆው ግን ከገመድና ከሚለመጥ እንጨት ይሠራል። አንድ የሞተች እንቁላል ጣይ ዶሮ ከስንት ከረጢት መርዝ ትበልጣለች? ድመት ትበቃለች የሚሉም አሉ። ድመት የአይጥ ግልገል ትይዛለች፤ ጎልማሳውን ትልቅ አይጥ ግን ብዙ ጊዜ ትሸሻለች፤ ከመሬት የማይወጣውን ፍልፈል ደግሞ እምብዛም አታገኘውም። በሌላ በኩል መርዝ ጨርሶ ይከልከል አልልም። እህል በሚከማችበት መጋዘን ወይም ወረርሽኝ በሚያሰጋበት ቦታ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ልጅና ዶሮ በማይደርሱበት የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሊጠቀምበት ይገባል።

ለዚህ የሚሆን ሕግ አለን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስምና መመሪያ ሳይኖረው በላስቲክ ታስሮ መንገድ ላይ የሚቸበቸብ ዱቄት በዚህ አዋጅ ፊት ቦታ የለውም፤ ወረዳዎች ንግዱን ማስቆም ያለባቸው የመጀመሪያው ሕፃን እስኪመረዝ ሳይጠብቁ ነው። የአዲስ አበባ አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽንም ለየቤቱ ዘርና ችግኝ ሲያድል ፍልፈልን ከአይጥ የመለየትና ሸምቀቆ የመሥራት ሥልጠና አብሮ ይስጥ። ወንፊቱን በጅምላ ገዝቶ ለዕድሮች በገዛበት ዋጋ ቢያቀርብም በየዓመቱ ሥራቸው ተበልቶ ከሚጠፉት ችግኞች ወጪ አይበልጥበትም።