ስም ወጥቶለት የሚታረድ በግ

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እባብ ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ለእባቡ ቀለብ የሚሆን አይጥ በሱቅ ይሸጣል፤ በሕይወት ያለ አለ፣ በረዶ ሆኖ የታሸገም አለ። አንዳንዱ ቤተሰብ ታዲያ ለእባብ የገዛትን አይጥ ዓይን ዓይኗን ሲያይ ይቆይና አንጀቱ አልችል ይላል። እባቡ ሌላ ይፈለግለታል፤ አይጧ ስም ይወጣላታል፣ ልጆች ትከሻቸው ላይ ያዞሯታል፣ ስትታመም ሐኪም ዘንድ ትወሰዳለች። ሁለት ሦስት ዓመት ኖራ ስትሞት ጓሮ ትቀበራለች።

ይህ ወሬ ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ውስጥ ቡና ላይ ቢነሳ የሚከተለው ሳቅ ነው። «ፈረንጅ መቼም የማያደርገው የለ! አይጥ?» ሳቁ ያስኬዳል። እዚያ አገር አይጥ ማለት በቆሎ የሚፈጅ፣ ጆንያ የሚበሳ፣ ሌሊት ኮርኒስ ላይ የሚሯሯጥ ሌባ ነው። በሽታም ያመጣል። እባቡም ቢሆን ጫካ ውስጥ አይጡን የሚያገኘው በነጻ ነው፤ ሱቅ ከፍቶ የሚጠብቀው የለም። በበቃ የቡና እርሻ ውስጥ ቀይ ቡና ሲለቅም እግሩ ሥር እባብ ያየ ሰው «ቀለብ እየገዛሁ ላሳድገው» አይልም።

ከሳቁ ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ግን አያስኬድም። «ለመበላት የተገዛ እንስሳ እንዴት ቤተሰብ ይሆናል? እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

አለ። በየዓመቱ አለ። በየግቢው አለ።

ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋ ይንራል በሚል ስጋት አባት በጉን ከሦስት ሳምንት ወይም ከወር በፊት ይገዛል። ብልህነት ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። በጉ ጓሮ ከቡናው ሥር ይታሰራል። ማን ይጠብቀው? አባት ሥራ ውሎ ይመጣል፣ እናት ገበያ ነች። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጅ ተጠርቶ «በጉን አደራ» ይባላል።

ልጅ ደግሞ አደራ ሲሉት የምሩን ነው የሚቀበለው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ወደ ጓሮ ይሮጣል። የሙዝ ልጣጭ ከጎረቤት ይለቅማል። ዝናብ ሲመጣ (ሚዛን ላይ ዝናብ መቼ ጠፍቶ!) በጉን እየጎተተ ማድቤት ያስገባዋል። ገመዱ አንገቱን ሲልጠው አሮጌ ጨርቅ ይጠቀልልበታል። በሁለተኛው ሳምንት ስም ይወጣለታል፤ ቀላ ያለ ከሆነ ዳማ ይባላል። ዳማም ልጁን ያውቀዋል። ድምፁን ከአጥር ውጭ ሲሰማ ገና ይጮኻል። ይህን ያላየ የቤተሰብ አባል የለም። እናት ራሷ «ዳማ በላ?» ብላ ትጠይቃለች።

ሕማማት ሲገባ ልጁ ይጠይቃል፦ «ዳማን እናርደዋለን እንዴ?»

«አይ የኔ ጌታ! እሱን አናርደውም። ሌላ ይመጣል።»

እሑድ ሲነጋ ገመዱ ባዶ ነው። «ጠፋ» ይባላል፤ ወይም «አክስትህ ጋ ገጠር ላክነው»። ልጁ ከግቢ ይወጣል። የበግ ቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ በየበዓሉ ማግስት ቆዳው ቦይ ውስጥ ተጥሎ ማየት የተለመደ ነው። የዳማን ቆዳ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ የሚለየው እሱ ነው፤ ለወር ሲያሻሸው የከረመ።

ከዚያ ዱለቱ ይቀርባል። ልጁ አይበላም። ገበታው በሳቅ ያልቃል። «ወንድ ልጅ ለበግ ያለቅሳል?»

ይኸው ነው። ለእባብ የተገዛችውን አይጥ ያተረፈው ቤተሰብና ዳማን ያሳደገው ልጅ ያደረጉት አንድ ነው። ልዩነቱ የዚያኛው ቤት ልጅ ሲለምን የሰማው ትልቅ ሰው መኖሩ ነው።

«በግና አይጥ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። አይጥን ማንም እንዲወድ አይገደድም፤ ስለ እሷ የሚታወቀውን ግን ማወቅ አይከፋም። በ2011 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዷን አይጥ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘግተው ሌላዋን ውጭ ለቀቁ። የውጭዋ እየታገለች በሩን መክፈት ተማረችና ባልንጀራዋን አወጣች። ሌላ ቱቦ ውስጥ ቸኮሌት ተቀምጦላት እንኳ ሁለቱንም ከፍታ ብዙ ጊዜ ከነጻ ወጪዋ ጋር ተካፍላ በላች። ጥናቱ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የበዓል ጠዋት ገበታ ላይ ከሚስቁት ስንቶቹ ቸኮሌታቸውን ያካፍሉ እንደሆነ የቤቱ ሰው ያውቃል።

ማጋዋ የሚባለውንም ብዙ ሰው ሰምቷል። ከተራው የቤት አይጥ ሌላ ዝርያ ነው፤ ጉንጩ ከረጢት ያለው የአፍሪካ ትልቅ አይጥ። ታንዛኒያ ተወልዶና ሠልጥኖ ካምቦዲያ ሄደ፤ በማሽተት ከ100 በላይ የተቀበሩ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አገኘ። በ2020 እ.ኤ.አ. ፒዲኤስኤ የተባለው የእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው፤ ጡረታ ወጣ፣ በ2022 መጀመሪያም ሞተ። ያሠለጠነው አፖፖ የተባለ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥም ከአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ጋር በመሆን አይጦችን በአክታ ናሙና የሳንባ ነቀርሳ እንዲያሸቱ አሰማርቷል። አይጥ የሰው ሳንባ ስታተርፍ አይሳቅም። ያን ጊዜ «ጎበዝ አይጥ» ነች።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እንስሳ ከቢላ የሚተርፈው ሲጠቅም ብቻ ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። የቦንጋ በግ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጭራው ረጅምና ሰፊ፣ አብዛኛው ቀላ ያለ፣ የካፋ ገበሬ የሚመካበት ዝርያ። ገበሬው ቶሎ ያደገውንና ያማረውን ወጠጤ አስቀድሞ ለገበያ ያቀርብ ስለነበር ለርቢ የሚቀረው ደካማው ሆነ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳ ጋር ሆኖ ገበሬዎችን አደራጀ፤ ምርጥ ወጠጤዎች እየተመዘኑ፣ እየተመዘገቡ፣ በማኅበር ተይዘው ለዘር እንዲቆዩ ተደረገ። በጎ ሥራ ነው፣ ገበሬውም ተጠቅሞበታል። ለእርድ ሊሄድ የነበረ በግ «ይቅር፣ አይታረድ» ሲባል ማንም አልሳቀም፤ ኮሚቴ ተቋቋመለት፣ መዝገብ ተከፈተለት። ልጁ ስለ ዳማ ያለው ከዚህ በምን ይለያል? ኮሚቴ ስለሌለው?

ጥርኝም አለ። በካፋና በጅማ በኩል ወንዱ ጥርኝ ከዱር ተይዞ ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ገንፎ፣ ሥጋና ቅቤ ይበላል፣ በየጊዜው ዝባዱ ይፋቃል፣ ዝባዱም ባሕር ተሻግሮ የሽቶ መሥሪያ ሲሆን ኖሯል። ከአንዳንድ ልጅ የተሻለ ይመገባል ቢባል ማጋነን አይደለም። ዞሮ መተኛት ግን አይችልም። ዓመታት ከሰው ጋር አንድ ግቢ ኖሮ ቤተሰብ አልሆነም። ዳማ በአንድ ወር ሆነ።

የልጅ ነገር ስለሆነ አይቆጠርም የሚል መልስ ዝግጁ ነው። ተረቱም አለ፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ተረቱ ስለ ሊጥ ከሆነ ልክ ነው። አደራ ሰጪው ግን ትልቅ ሰው ነው። ለወር ሙሉ «ጎበዝ፣ በጉን አወፈርከው» እያለ ሲያመሰግን የከረመው አባት፣ በመጨረሻው ሌሊት ልጁን እንደ ሕፃን፣ በጉን እንደ ዕቃ የሚቆጥርበት ሥልጣን ከየት አመጣ? አደራ በልቶ መካድ በሌላ ጉዳይ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ታሪክ ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ ነው። አንድ ድሃ አንዲት ጠቦት ብቻ ነበረችው። ከልጆቹ ጋር አደገች፣ ከእንጀራው ቆርሳ ከጽዋው ጠጣች፣ እንደ ልጁ ሆነች። ብዙ መንጋ የነበረው ሀብታም እንግዳ ሲመጣበት የራሱን ትቶ የድሃውን ጠቦት አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ነደደ፣ የሞት ፍርድ ፈረደ። ነቢዩ ንጉሥን ሊይዝ ሲያስብ የመረጠው ወጥመድ ይህ ነው፤ ለመበላት የተፈጠረች ጠቦት ልጅ ልትሆን እንደምትችል የማይገባው ሰው የለም ብሎ። ያንኑ ታሪክ በጾሙ ሰምቶ በፋሲካ ማለዳ የሚያለቅስ ልጅ ላይ የሚስቅ ሰው ጆሮው ምን ሰማ? በእስልምናም ቢላን በእንስሳው ዓይን ፊት መሳል የተነቀፈ ነው። እንስሳው ያያል፣ ይፈራል ማለት ነው። ልጁስ አያይም?

ጠንካራው መቃወሚያ ድህነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሥጋ የሚያይ ቤት በግ ለመዋደድ አይቀልብም። የሁለት ወር ጾም ፈትቶ ባዶ ድስት ላይ መቀመጥም በዓል አይደለም። ይህን የሚክድ ሰው ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት ደጃፍ የኖረ ነው። ሥጋው ይበላ። የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ብዙውም ሳንቲም አያስወጣም።

እውነት መናገር ዋጋው ስንት ነው? በጉ በር ላይ ሲደርስ «ይህ ለፋሲካ ነው፣ ይታረዳል» ማለት ይቻላል። ልጁ ሊከፋው ይችላል፤ ስም ላያወጣለት ይችላል፤ ቢያወጣም እያወቀ ነው። የገጠር እረኛ ልጅ ይህን ያውቃል፤ አልቅሶም ይበላል፣ ማንም አልዋሸውምና። የከተማው ልጅ ነው ግማሹን ዕውቀትና ሙሉውን ውሸት የሚጎርሰው። ከዚያ በኋላ ያው አባት «ልጄ አታለለኝ፣ የፈተና ውጤቱን ደበቀኝ» ብሎ ይገረማል።

ዋጋ ይንራል ብሎ ቀድሞ የሚገዛም በጉን ለልጅ አደራ መስጠት የለበትም። ራሱ ያስረው፣ ራሱ ሣር ይጨድለት፣ ራሱ ገመዱን ያላላለት። በሦስተኛው ሳምንት ቢላውን ሲያነሳ እጁ ከበደው እንደሆነ ያን ጊዜ ስለ ልጅ እንባ ይነጋገራል።

አቅም ያለው ቤት ደግሞ፣ ሚዛን አማን ውስጥ ጥቂት አይደለም፣ ልጁ ቢለምን እሺ ሊል ይችላል። ቅርጫ ምን ሊሆን ተፈጠረ? ከጎረቤት ጋር በሬ ተካፍሎ ዳማን መተው ማንንም አያስርብም። በጓ ሴት ከሆነች እንዲያውም ትወልዳለች። ዶሮ ከሆነች ነገሩ ይቀላል። በገጠሩ ለልጅ «ይህቺ ያንተ ናት» ተብላ የምትሰጥ ዶሮ አለች፤ በእንቁላሏ ደብተር ይገዛል፣ ሳያስፈቅዱት አትነካም። ያን ወግ የሠራው ሰው ፈረንጅ አልነበረም።

ለእባብ የተገዛችው አይጥ ቤት ያገኘችው አንድ ሰው «አይ፣ ይህቺን አይደለም» ስላለ ነው። እባቡ በረሃብ አልሞተም፤ ሌላ አይጥ በላ። ለዚያችኛዋ ማን አዘነላት ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። ዳማ ቢተርፍ ሌላ በግ ይታረዳል። ልጁም ይህን ያውቃል፤ የለመነው ግን ስለ ዳማ ነው።

ቅዳሜ ሹር ገበያው እስከ ማታ ክፍት ነው። ስም ያልወጣለት በግ ሞልቶ ይውላል።