ያለ ጠበቃ ስለሚቆመው ሠርቶ አደር

ባለጉዳይ ነጠላውን አደግድጎ «በላ ልበልሃ» እያለ በአንደበቱ ብቻ የሚረታበት ዘመን አልፏል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪ ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ እንዲሟገት ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር ከክስ ማመልከቻው ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሠርቶ አደር የሚሰናከለውም በዚሁ ላይ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ብሶቱን አስረዝሞ ይጽፍለታል እንጂ ማስረጃውን አይለይለትም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ መሠረት፣ ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ፣ አሠሪው ይርጋን በመቃወሚያነት ባነሳ ጊዜ እውነቱ ሳይመረመር ጥያቄው ይወድቃል። ስለዚህ የሠራተኛና የነዋሪዎች ማኅበራት ሕግ አዋቂ አባሎቻቸውን መድበው፣ ክሱ ከመቅረቡ በፊት የስንብቱን ቀንና የምስክሮቹን ዝርዝር ሊያዩለት ይገባል።