ስሙ «ክንድ» እና «ደረት» አይደለም

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድ የታወቀ መሣሪያ ነበረው፤ ቀስቱ በእንጨት ሰደፍ ላይ አግድም የተገጠመ፣ በቃታ የሚለቀቅ። ከባዱ ዓይነት ቀስቱ ብረት ስለሆነ በእጅ አይሞከርም፣ እጀታ እያዞሩ ነው የሚወጥሩት። እ.ኤ.አ. በ1139 የሮሙ የላተራን ጉባኤ በክርስቲያን ላይ እንዳይተኮስ ያወገዘው ይህንኑ መሣሪያ ነው።

ጀርመኖች «አርምብሩስት» ይሉታል። «አርም» ክንድ፣ «ብሩስት» ደረት። በክንድ ይዘው ከደረት አስጠግተው የሚተኩሱት ነዋ! ያምራል፤ ግን ምንጩ ሌላ ነው። ላቲኑ «አርኩባሊስታ» ይላል፤ «አርኩስ» ቀስት፣ «ባሊስታ» ደግሞ ድንጋይና ጦር መወርወሪያው ትልቁ መሣሪያ፣ እሱም «መወርወር» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ። ፈረንሳዮች «አርባሌት» አሉት፤ ጀርመኖች ባዕዱን ቃል በሚያውቋቸው ቃላት ጠገኑት።

እንደኔ እንደኔ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አደገኛው እንዲህ ያለው ስህተት ነው። የማይመስለውንማ ማንም ያጣራዋል! ስለ ቦታ ስም ስንጽፍ «ከዚህ ቃል የመጣ ነው» ማለት እንወዳለን፣ ለጆሯችን ስለተመሳሰለ ብቻ። የቆየውን አጻጻፍ ሳናይ የስም ትርጉም ባንጽፍ እላለሁ። «አንባቢ እኮ ይወደዋል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አዎ ይወደዋል፤ ጀርመኖችም ወደውት ይኸው እስከ ዛሬ «አርምብሩስት» ነው የሚሉት።