ማጀቢያ ነው ያለው ማነው?

ፊልም አይተን ስንወጣ ስለ ተዋናዮቹ እናወራለን፣ ስለ ታሪኩ እንከራከራለን፣ አንዳንዴም የዳይሬክተሩን ስም እናነሳለን። ሙዚቃው ላይ ስንደርስ ግን «ማጀቢያው አሪፍ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። በኛ አገር ሙሽራ ይታጀባል፣ ባለሥልጣን ይታጀባል። አጃቢ ከኋላ የሚከተል፣ ስሙ የማይጠየቅ፣ እሱ ቢቀር እንኳ ሠርጉ የማይቀር ሰው ነው። እንደኔ እንደኔ ለፊልም ሙዚቃ ከዚህ የባሰ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር። ቃሉን ለምደነዋልና ይኑር፤ የኔ ጠብ ቃሉ ካስለመደን አስተሳሰብ ጋር ነው።

ለዚህ ምስክር የምጠራው ኤኒዮ ሞሪኮኔን ነው። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ሥራውን ያውቀዋል። በ1966 የወጣው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» መግቢያ ላይ እንደ ቀበሮ የምትጮኸውን አጭር ዜማ ያልሰማ የካውቦይ ፊልም ወዳጅ አለ ብዬ አላምንም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ሞሪኮኔ በ1928 ሮም ተወለደ። አባቱ ትራምፔት ነፊ ነበሩ፤ እሱም ትራምፔት ተማረ፣ ቀጥሎም በሳንታ ቼቺሊያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ከጎፍሬዶ ፔትራሲ ዘንድ ድርሰት አጠና። እዚያ ቤት ሙዚቃ ማለት በአዳራሽ ውስጥ በጸጥታ የሚደመጥ ነገር ነበር። ለፊልም መጻፍ ለእንጀራ ተብሎ የሚሠራ ዝቅ ያለ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሞሪኮኔ ደግሞ እንጀራው ያስፈልገው ነበር። የዘፈን ቅንብር ሠራ፣ ሌሎች ለፈረሙባቸው የፊልም ሙዚቃዎች ስሙ ሳይጠቀስ ጻፈ። በ1958 ራይ የተባለው የጣልያን ብሮድካስት ድርጅት ቀጠረው። የድርጅቱ ሠራተኛ የደረሰው ሙዚቃ በድርጅቱ እንደማይተላለፍ ሲነገረው ግን በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ትቶ ወጣ። ይህቺን ታሪክ በጣም እወዳታለሁ። ደመወዝ የሚያስፈልገው ባለትዳር ሰው ነበር እኮ!

በ1964 ሰርጂዮ ሊዮኔ «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ሞሪኮኔ በፉጨት፣ በጅራፍ ድምፅ፣ በደወልና በኤሌክትሪክ ጊታር ሠራው። ዛሬ «የካውቦይ ሙዚቃ» የምንለው ነገር ከዚያ ድህነት የወጣ ነው። ክሬዲቱ ላይ ግን የሰፈረው ስም «ዳን ሳቪዮ» ነው። ፊልሙ የአሜሪካ እንዲመስል ጣልያኖቹ ሁሉ የእንግሊዝ ስም ለጥፈው ነበር፤ ሊዮኔ ራሱ «ቦብ ሮበርትሰን» ተብሏል። ለሞሪኮኔ ግን የውሸት ስሙ ሌላም ጥቅም ሳይኖረው አልቀረም ባይ ነኝ፤ ከድሮ መምህሩና ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ዓይን ይሸሽገዋል።

ይህ ሀፍረት ለኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ጠርተን ስንጨፍር አድረን፣ ጠዋት ልጃችንን ለአዝማሪ አንድርም ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። ሙያውን እየፈለጉ ባለሙያውን መናቅ የሮምም የጎንደርም በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ1968 ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት»ን ሲቀርጽ የሞሪኮኔ ሙዚቃ አስቀድሞ ተደርሶ ተቀርጿል፤ ቀረጻው ቦታ ላይ እየተከፈተም ተዋናዮቹ እሱን እየሰሙ ይጫወቱ ነበር። ክላውዲያ ካርዲናሌ ከባቡር ወርዳ የሚቀበላት ሰው አጥታ ወደ ጣቢያው ቢሮ ስትገባ፣ ካሜራው ከጣሪያው በላይ ከፍ እያለ ከተማውን የሚያሳይበት ትዕይንት አለ። ካሜራው ከሙዚቃው ጋር አብሮ ነው የሚነሳው። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ ማን ማንን አጀበ? የዚሁ ፊልም መክፈቻ ደግሞ ለብዙ ደቂቃ ሙዚቃ የለውም። የነፋስ መዘውር ሲንቋረር፣ ውሃ ባርኔጣ ላይ ጠብ ሲል፣ አንዲት ዝንብ አንዱን ሽፍታ ስታስቸግር ብቻ ነው የሚሰማው። እኛ ቢሆን ኖሮ የሆነ ከበሮ ምናምን እንለቅበት ነበር።

«ዘ ሚሽን» (1986) ላይ ደግሞ አንድ ቄስ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል። ጉዋራኒዎቹ ጦርና ቀስታቸውን ይዘው ይከቡታል። እሱ ቋንቋቸውን ቢናገርም ባይናገርም ለኛ ለተመልካቾች ንግግሩ ያ ዜማ ነው። ዜማውን አውጡትና ትዕይንቱን እዩት፤ የሚቀረው የፈራ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የታጨበትን ኦስካር «ራውንድ ሚድናይት» የተባለው የጃዝ ፊልም ወሰደበት። ሄርቢ ሃንኮክን የሚያህል ሰው መናቄ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ከነበረው ሙዚቃ ብዙው ቀድሞ የነበረ የጃዝ ሥራ ነው፤ ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰን ሙዚቃ ለመሸለም በተዘጋጀ ዘርፍ ሞሪኮኔ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። የክብር ኦስካር በ2007፣ የውድድሩን ደግሞ በ2016 በ87 ዓመቱ ለ«ዘ ሄትፉል ኤይት» አገኘ። የሚገርመው ዳይሬክተሩ ታራንቲኖ ከዚያ በፊት ለዓመታት የሞሪኮኔን የቆዩ ሙዚቃዎች እየወሰደ በፊልሞቹ ሲጠቀም የኖረ ሰው ነው። በመጨረሻ ራሱን ሰውየውን ጠየቀው። ባይገርማችሁ በዚህ ተሸላሚ ፊልም ውስጥም ሞሪኮኔ በ1982 ለ«ዘ ቲንግ» ደርሷቸው ሳይገቡ የቀሩ ሙዚቃዎች አሉ፤ የተጣለ ሥራው እንኳ ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ቦታ አገኘ።

ቴሌቪዥኑንም አልረሳም። «ሞሰስ»ን (1974)፣ «ማርኮ ፖሎ»ን (1982)፣ ስለ ማፊያ የሚተርከውን «ላ ፒዮቭራ»ንም ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሠርቷል። የቴሌቪዥን ድራማ ሙዚቃ ከፊልሙ ይከብዳል ባይ ነኝ። ፊልም ቤት የገባ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል፣ የትም አይሄድም። ድራማ ግን ወጥ ቤት ያለችውን እናት መጥራት አለበት። መግቢያውን ሰምታ ነው ሽንኩርቷን ትታ ወደ ሳሎን የምትመጣው። ያንን ጥሪ በየሳምንቱ ሳይሰለች እንዲሰማ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው?

«የኛ አገር ፊልም ገንዘብ የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሊዮኔም በ1964 አልነበረውም። ያለቀ ሙዚቃ መጠቀምም በራሱ ነውር አይደለም፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን የቆዩ ሥራዎች ሲያስገባ፣ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ መኪናው ውስጥ ከፍቶ የሚሰማው የታሪኩ አካል አድርጎ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ደግሞ ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር የደረሱለት የራሱ ሙዚቃ አለው። ስለዚህ ይቻላል።

እኛስ የጋዜጠኝነት ተማሪዎቹ? ዶክመንተሪ ማስረከቢያው ነገ ሲሆን ዛሬ ማታ ኢንተርኔት ላይ «አሳዛኝ ፒያኖ» ብለን እንፈልጋለን። ያው አንድ ፒያኖ ጎርፍ ላይም፣ ጡረታ የወጣች ሯጭ ላይም፣ የጎዳና ልጆች ላይም ያለቅሳል። ማን ጻፈው? አናውቅም፣ አንጽፍምም። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው በስሙ የመታወቅ መብት ተደንግጓል። ደግሞ እኮ በዚህችው መጽሔት ላይ ስማችን ቢዘለል ኖሮ በማግስቱ ዝግጅት ክፍሉ በር ላይ ነበርን!

ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ አጭር ፊልም ሙዚቃ ሠራ። ፊልሙን የሰጡት ኤዲቲንጉ ካለቀ በኋላ ነው፣ «እስከ ዓርብ» ብለው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብሎ አደረሰላቸው። የታክሲ ሰጡት። ፊልሙ ሲታይ ምሳ ያቀረበው ካፌ ሳይቀር ተመስግኗል፤ የሱ ስም የለም። ሲጠይቃቸው «ያው ማጀቢያ አይደል?» አሉት።

ሞሪኮኔ በጁላይ ወር 2020 በ91 ዓመቱ ሲሞት የሞቱን ማስታወቂያ ራሱ ጽፎ ትቶ ነበር። መሞቱን የሚያረዳው በገዛ ስሙ፣ ከነአባቱ ስም ነው።

ጓደኛዬ ዘንድሮ ለሌላ ቡድን እየሠራ ነው። እነዚህኞቹ ስክሪፕቱን ቀረጻ ሳይጀምሩ ሰጥተውታል፤ አንድ ትዕይንት ላይም ሙዚቃ አያስፈልግም ብሏቸው ተስማምተዋል። ስሙ ክሬዲቱ ላይ የት እንደሚጻፍ ግን ገና አልተነጋገሩም። ቀረጻው ሳይጀመር ጠይቃቸው ብዬዋለሁ።